የመሣሪያ ስም

ቧንቧ ውሃ፣ ሌሊት፣ የጦሳ ጉም መስኮቴን ሲልሰው፣
አንድ ኮድ ጽፌ ሁለት ስልክ ጠየቅሁ፣ እንደ ሰው፦
«ስምህ? ሞዴልህ? ባትሪህ ስንት ቀረ?»
ውዱ ስልክ ኮራ፤
የፋብሪካውን ስም ብቻ ጠራ፣
ሌላውን በሆዱ ቀበረ።

ርካሹ ግን፣ ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛሁት፣
ስንጥቁን በፕላስተር ያሸግሁት፣
ሳይግደረደር ዘከዘከው፦
ስሪቱን፣ ዓመቱን፣ አሥራ ሁለት በመቶ የቀረች ነፍሱን፣
በመጨረሻም የመሣሪያ ስሙን፦
«የዘሀራ ሙሔ»።

ዘሀራን አላውቃት።
ለምን ሸጠችው? አሁን በምን ይደውሉላት?

«ስህተት ዜሮ» ይላል ስክሪኑ፤ ኮዴ ሠርቷል፤
ጣቴ ግን እዚያች መስመር ላይ ቆሟል።
ስሙን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።
ተውኩት።
ባትሪው ሊያልቅ ሲል
ቻርጀር ላይ ሰካኋት።