የማንኪያ ቋንቋ

ላስሚኒ ዝም ካለች ሰባት ወር አለፈ፣
ቀኝ ጎኗ በድን ሆኖ ግራ እጇ ተረፈ።
ሐኪሙ «ምላሷ ይፈታል» ብሎኛል፣
እንደ ገመድ ውል፣ እንደ ጫማ ክር፤
እኔም ቀን መቁጠሩ መች ይሰለቸኛል፣
እስኪፈታ ድረስ ግን ቤት በምን ይምከር?

ማንኪያ ሰጠኋት።
ጠረጴዛውን አንዴ ስትመታው «ጨምር»፣
ሁለቴ ስትመታው «በቃ፣ አትዳፈር»።
ሦስቴ ከመታች ግን ፍቺውን አላውቅም፣
ስድብ ይመስለኛል፤
አርባ ሁለት ዓመት ባፏ ሰድባኝ አታውቅም፣
ያጠራቀመችው ይኸው ይደርሰኛል።

እኔ፣ በአምባራዋ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ የነበርኩ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀት የበሳሁ፣
ጓዳዬን በበሩ ስንጥቅ ብቻ ያየሁ፣
ዛሬ ከጁምዓ መልስ
ሽርጤን ሳልፈታ ምድጃ ፊት ቆምኩ፤
ክሌፖን ልሠራ።

ልጃችን ዊዳ በስልክ፦ «አባ፣ ምን አደከመህ?
ጣቢያው በር ላይ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይሸጡልህ የለ?»
ይሸጣሉ። ባለፈው ዓርብ ገዛሁ።
ላስሚኒ አንዷን ነከሰች። አላመጠች። ማንኪያዋን አነሣች፤
ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

እንግዲህ የሚያጣብቀው ሩዝ ዱቄቱ ተነፍቶ፣
የፓንዳን ቅጠል ተወቅጦ ጭማቂው ገብቶ፣
ሊጡ አረንጓዴ፣ ሽታው ገና ያልተተኛበት ሰሌን፣
ለብ ያለውን ውሃ በእፍኝ ሳይሆን በጠብታ አልን፤
ኳ። ጨመርኩ። ኳ። ጨመርኩ። ኳ፣ ኳ። ተውኩት።
«ልኩን በምን ልወቀው?» ብዬ ጠየቅኋት፤
የጆሮዬን ጫፍ ቆነጠጠች፣ ከዚያ ሊጡን፣
እንደገና ጆሮዬን።
ገባኝ።

የዘንባባው ስኳር፣ ጡብ መሳይ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣
በቢላ ተፈልጦ ጥፍር ጥፍር ያህል፣
ሊጡ ሆድ ውስጥ አስተኛሁት፣ ከደንኩት፣ አንከባለልኩት፤
ስንጥቅ ካለው ወየው! ስኳር ሚስጥር አይችልም፣
የፈላ ውሃ ሲጠይቀው ሳይናዘዝ አያድርም።

ተናዘዘ።
ዘጠኙም ፈነዱ፣
ውሃው እንደ ጎርፍ ወንዝ ደፈረሰ፣
ባዶ ቅርፊታቸው፣ በእኔው እጅ እንደተበሳ ትኬት፣
በድስቱ ፊት ላይ ተንሳፎ ተመላለሰ።
ላስሚኒ ሣቀች፣ በግማሽ ፊቷ።
ሙሉ ሣቋን አውቀው ነበር፤ ይኼኛው አዲስ ነው፣
ወደ አንድ ጎን ያደላ፣ እንደ ተንኮለኛ ልጅ።
ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች።

ግራ እጅ ምግብ አይነካም እዚህ አገር፣ ነውር ነው፤
ተነሥቼ በሩን በነውሩ ላይ ዘጋሁት።
የእሷ ግራ፣ የእኔ ቀኝ፣ መሃላቸው ሊጥ፣
ሁለቱም መዳፍ ለሥራው ጀማሪ፣
አንዱ ሲገፋ አንዱ ሲሰጥ፣ አንዱ ሲገፋ አንዱ ሲሰጥ፣
ድብልብል አለች፣ ስንጥቅ የሌላት።
አሥራ አንድ ሠራን።

ድስቱ ውስጥ ሰጠሙ። ዝም።
ግድግዳው ላይ እንሽላሊቷ ጮኸች።
ከዚያ አንዷ ብቅ፣ ሌላዋ ብቅ፤
የበሰለ ሰው ይከብዳል ይላሉ፣
ክሌፖን ግን ሲበስል ይቀላል።

በተፋቀ ኮኮናት፣ በቁንጥር ጨው አንከባለልኳቸው፣
አንዷን በከንፈሯ አኖርኩላት።
ነከሰች። ፈነዳች፤ አሁን በቦታው፣ በጥርስ መሃል፤
ስኳሩ በማይሰማት ጎኗ በአገጯ ወረደ፣
በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፣ ጣቴን ላስኩት፣
ጠበቅሁ።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ጨው በዝቶ ይሆናል።
ስድቤን ተቀበልኩ፤ ሳህኑን ላነሣ ስል
አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።