ደህና እደሩ

እዚህ ሰው በስሙ አይታወቅም ቶሎ፤
በሳሉ ነው፣
ጫማውን ትራሱ ሥር በሚቀብርበት አኳኋን ነው።

ሐምቡርግ፣ ስምንት አልጋ፣ የጥር ሌሊት።
ከመስኮቱ ጥግ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ የሚለው ደረት
ዲትማር ነው፤ ወደቡ ላይ ክሬን የነዳ ሃያ ዓመት።
ከበላዬ፣ በህልሙ የሚቆጥረው
ፕላመን ነው፤ ያልተከፈለውን ቀን ነው የሚደምረው።

እኔም ለካ ድምፅ አለኝ።
አንድ ጧት፣ ለሻይ ተሰልፈን፣ ዲትማር ጠየቀኝ፦
ሌሊት ሌሊት የምትደጋግመው ያ ቃል ምንድን ነው?
«ይቅርታ» ነበር።
ማንን እንደምለምን ለራሴም አልነገርኩ፤
ኩባያዬን ተቀበልኩና
«ደህና እደሩ ማለት ነው» አልኩ።

ማታ አራት ሰዓት፣ ጠባቂዋ መብራቱን ስታጠፋ፣
ከመስኮቱ ጥግ፣ ጉሮሮ ተጠርጎ፣
«ይክርታ» አለ ዲትማር፣ «ቅ»ን «ክ» አድርጎ።
«ይክርታ» አለ ፕላመን ከላይ።
በሩ አጠገብ የሚተኛው፣
ገና ስሙን ያልያዝኩት ሽማግሌ፣
እሱም፣ ዘግየት ብሎ፣ ለግድግዳው።

ልስቅ ነበር። አልሳቅሁም።
አላረምኳቸውም።
ጫማዬን ቀስ ብዬ ከትራሴ ሥር ሳብኩና
ወለሉ ላይ አኖርኩት።