እፍ

የበአታው የኔታ፣ የኔታ ፀዳሉ፣
«ዜማ ከድምፅ በፊት ትንፋሽ ነው» እያሉ
ሲያርሙኝ አልገባኝም፤ ስጮህ ከረምሁ፣
ሃሌታው ሳይጋመስ ትንፋሽ አጥቼ ደከምሁ።

አንድ ሌሊት ጠሩኝ፣ ከደወሉ በፊት፣
የአንገረብ ውርጭ ጎጆውን ሰርስሮ በገባበት።
«ፍሙን ቀስቅሰው» አሉ። አጎነበስሁ፤ እፍ፤
አመዱ ተገፈፈ፣ ቀላ የፍሙ አፍ።
«ጧፉን አጥፋው» አሉ። እፍ። ጎጆው ከሰለ።
ሳላቸው ቀደመ፣ ቃላቸው ተከተለ፦
«ያው አንድ ትንፋሽ ነው፣ ያነደደ፣ ያጠፋ፤
ጭቃን ሰው ያረገው እፍታ መች ተደፋ?
በውሰት ነው የምናዜም፤
ስትመልስ አትቸኩል፤ አትሰስትም።»

ዛሬ ሆስፒታል ናቸው፣ ከመስኮቱ ሥር። ሲሊንደር
ያፏጫል፤ ደረታቸው ሊከተለው ሲሞክር
በጣታቸው መዳፌ ላይ «ይዘት» ጻፉ። ቆዩ።
ቀጣዩ «ቁርጥ» እንዳይሆን ሰጋሁ፤
ዓይኖቼ ጣት ብቻ አዩ።

«ሂደት» ጻፉ።

ለካ እኔም ትንፋሼን ይዤ ኖሯል። ለቀቅሁት፤
መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ፣
እየሳሳ ሲሄድ አየሁት።