ሞክሼ

ጎተንበርግ ነው። ኅዳር። ገና በአሥር ሰዓት ጨልሟል፤
ትራሙ በዝናቡ ውስጥ እየጮኸ ታጥፏል።
ከጥርስ ክሊኒኩ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ቧንቧ ጥግ፣
የሃያ ዓመት መዝገብ ይዤ፣ ቅጂ ከዋናው ስፈልግ፦

ጸዳለ ኃይሉ፣ አራት ረድፍ።
አንዷ በ«ቲ» የምትጀምር፣ አንዷ በ«ዜድ» የምትጻፍ፤
አንዷ ጋ አባት ቀድሞ፣ ልጅ ተከትላ፣
አንዷ ጋ «ኤል» ተደርባ፣ የሌሎቹ ግን ነጠላ።
ልደታቸው ያው ጃንዋሪ አንድ ነው፤
ቀኑን አላውቅም ላለ ሁሉ ጸሐፊ የሚያድለው።

በአገሯም ብትጻፍ ኖሮ ከዚህ ጣጣ አታመልጥም፤
በጸሎቱ «ጸ» ወይስ በፀሐዩ «ፀ»፣ እርግጠኛ የለም፤
ኃይሉ በብዙኃኑ «ኀ» ነው፣
ብዙኃኑ ግን በሃሌታው ይጽፉታል።

ቢርየር የሚሉት ሰው ነበር መጀመሪያ የነደፈው፤
ጡረታ ወጥቷል፤ ጀልባ አለው ይላሉ፣ በየጸደዩ የሚቀባው።
ስምን ከልደት ጋር አስሮ ዋና ቁልፍ አደረገ፤
ማለፊያ ቁልፍ፣ ሁለተኛዋ ጸዳለ እስክትመጣ ድረስ።
ኮምፒዩተሩ «አለሽኮ» አላት፣ ይዛ እንደቆመች የሚያም ጥርስ።

ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? ወረፋው በሩን አልፏል፤
አንድ «ኤል» ደረበችላት፤ ሠንጠረዡም እሺ ብሏል።
በስድስት ወሯ ስትመለስ፣ ሌላ ሰው ከፊተኛዋ ቀላቀላት፤
የአንዷን መንጋጋ ነቅለው ለሌላዋ ጻፉላት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ መልአክ ግን ሠንጠረዥ አያይም፣
የሰጠውን ይደግማል፤ «ይህ ተይዟል» የሚለው የለም።

ስለዚህ ቁጥር ሰጠኋቸው፣ ትርጉም የሌለው ቁጥር፤
ከአባት ያልተወረሰ፣ ስለ ማንም የማይመሰክር፣
ባል ቢፈታ፣ ፊደል ቢቃና፣ የማይለወጥ።
ስሞቹን ደግሞ ለብቻ፣ በሌላ ሠንጠረዥ ላስቀምጥ፤
አንዲት ሴት አራት ስም ቢኖራት፣ አራቱም የሷ ናቸው።

ሐሙስ ሁለቱን ጠራናቸው፣ ጥርስ ቆጥረን ልናጣራ፤
አንዷ ትራም ነጂ ናት፣ አንዷ ዓሣ ማሸጊያ የምትሠራ።
ነርሷ በሩን ከፍታ «ጸዳለ» ስትል፣ ሁለቱም ተነሡ፤
ተያዩ።
«ሞክሼ!» ተባባሉ፣ ሕመማቸውን እየረሱ።
ነርሷ ወረቀቷን አየች። ደግማ አየች።

ሦስተኛዋ ረድፍ የትራም ነጂዋ ሆና ተገኘች፤ አዋሐድኳት።
አራተኛዋ ስልክ አታነሣም።
አንድ ቀጠሮ ብቻ አላት፣ ያልመጣችበት፤
ቅጂ ትሁን ሰው፣ እንጃ። መሰረዣው ጣቴ ሥር ነው።

ቁጥር ሰጠኋትና መብራቱን አጠፋሁ።