የጨለማ ፈረቃ

ኦታ ሠላሳ ዓመት በምድር ሆድ ኖሯል፣
በኦስትራቫ ጉድጓድ ከሰል ፈልፍሏል።
ጡረታ ሲወጣ ሳል ነው የሸለሙት፣
ሳልና የእጅ ሰዓት።

ቀን ቀን የሚያንቀላፋ፣ ሌት ሌት የሚሮጥ
ቺንቺላ ያኖራል ከሽቦ ቤት ውስጥ፤
ፖፔል ነው የሚለው፣ «አመድ» እንደማለት፣
ፀጉሩ አመድ ነዋ፣ ሲነኩት የሚሸሽ ከጣት።

በየካቲት አንድ ቀን መንጋጋው አበጠ፤
ሽማግሌው መሳቢያ ከፍቶ አገላበጠ፤
ለሳሉ ከታዘዘው ከተረፈች ኪኒን
ሩቧን ፈጭቶ ሰጠው፣ እያለ «እኔን፣ እኔን»።

በሦስተኛው ሌሊት ሩጫው አከተመ።
ድርቆሹን ሳይነካ ጥግ ላይ ተጋደመ።
የሩዝ ፍሬ የምታህል ፍጉ ቀረች፣ የለችም፤
ሆዱ ላይ ጆሮውን ቢያሳርፍ፣ ምንም።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች፣
ቁጣዋን ውጣ እንዲህ አለች፦
«በዕውር አንጀቱ ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ጓዳ፣
ሣሩን የሚያብላላ፣ ሳይጠይቅ ምንዳ፣
እልፍ ባክቴሪያ ነበር፣ ቤቱን ያቆመለት።
ኪኒንህ ወዳጅና ጠላት አልለየችም፤ ሁሉን ጠረገችበት።
አሁን እዚያ ታች ያለው ጋዝ ነው።»

ጋዝ።
ይህችን ቃል ኦታ ከሐኪሟ አልተማራትም።
አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣ ስምንት መቶ ሜትር ታች፣
ሰባት የፈረቃ ጓዶቹ፣ ምሳቸውን ሳይፈቱ...
ማግስቱን ከተማው በከሰሉ ሞቀ፤
ማን እንዳወጣለት አንድም አልጠየቀ።

«መድኃኒት የለውም?»
«አለው፣ ግን አይሸጥም። ከጤነኛ ቺንቺላ
ትኩስ ፍግ ፈልግ፤ በጥብጥ፣ አጥልል፣ ጠብ ጠብ አድርግለት።
ሠራተኛ መዋስ ነው፣ ከሆድ ወደ ሆድ።»

ከሆድ ወደ ሆድ! ሌላ ቺንቺላ ያላት
በሕንጻው ያርሚላ ብቻ ናት፤
በብስክሌት ማቆሚያ ነገር ተጣልተው
ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው።

ሦስት ፎቅ ወጣ፣ በየደረጃው እያሳለ፣
ባዶ የሰናፍጭ ጠርሙስ እንዳንጠለጠለ።
«ምን ፈለግህ?» ሰንሰለቱን አልፈታችም።
«ፍግ።»
ልትስቅ ነበር። ፊቱን አየችና አልሳቀችም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በወጥ ቤት መብራት፣
ጠብታዋ ስትወርድ፣ ቆፋሪ ለወራጅ የሚለውን
«ዝዳርዥ ቡህ» አላት፤
እግዜር ያቅናችሁ፣ ነው ትርጉሙ።
ከዚያም ጠበቀ፣ በጉድጓድ አፍ እንደቆሙ ሚስቶች፣
ጆሮውን ከሆዱ ሳይነቅል።

ሊነጋ ሲል ከሩቅ፣ በሐዲድ እንደሚጎተት ጋሪ
አንድ ነገር አጉረመረመ።
ጋዜጣው ላይ ወደቀች
አንዲት ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የከሰል ፍንካች የመሰለች።

በሻይ ማንኪያ ይዟት፣ በካልሲው፣
ያርሚላን ከእንቅልፏ ሊቀሰቅስ
ሦስት ፎቅ ወጣ።