ተወደደ

ዝናብ ከማይለየው የዌልስ ጠረፍ ላይ፣
ግዊሊም ከሞሪስ መኪናው ጎን ቆሞ
ፖስታ ቀደደ፣ ጉዱን ሊያይ።

«መኪናዎ ስልሳ አልፏት ቅርስ ተብላለች፤
ከዘንድሮው የመድን ክፍያ ሩቡን አስቀንሳለች።
እርስዎ ግን ሰማንያ ሞላዎት፤ ስጋት ነዎት በኛ ስሌት፣
የቀነስነውን መልሰን እጥፉን ጨመርንበት።»

ደወለ። «የኔ ልጅ፣ ዝገቷን የምፍቅ እኔ፣
መሪዋን የምይዝ እኔ፣
ከሷ ቀድሜ ተወልጄ የኔ ቅርስነት የት ቀረ?»
«ሲስተሙ ነው ጌታዬ።»
ስልኩ ሙዚቃ ጀመረ።

ከግራው ወንበር ሥር የኔስታ የጸጉር መያዣ ዛሬም አለ፤
ፎርሙ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ ስለሌለ
ዝም አለ።

ሞተሩን አስነሣ። ሳለች። እሱም ሳለ።

ከፈለ፣ ምን ያድርግ፤ ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤
እሷ አርጅታ ተወደደች፣
እሱም፣ እንደ ሽንኩርት፣
ተወደደ።