ጠርዙን ካልነኩት

ሦስተኛው ተለጣፊ ሉህ ዛሬም ተበላሸ።
የክላይፔዳ ዝናብ መስኮቱን ሲያጥበው፣ ቀኑ እየመሸ፣
አለቃዬ ቫይዲላስ ሉሁን ከአምፖሉ ፊት ዘርግቶ
"ይኸው፣ እዚህ ጋ" አለኝ፣ ጣቱን በስንጥቁ ከትቶ።
የጀልባ መሻገሪያው ካርታ፣ ሰማያዊው መሐል፣ ምንም በሌለበት፣
ምላጩ ጥፍር የምታህል ጠባሳ ጥሎበት።

ስክሪኑ ላይ ባሕሩ ንጹሕ ነው፣ እንከን የለው።
መቁረጫው ግን ቀለም አያውቅም፤ መስመር ነው የሚያየው።
ተሸፍኖ ቢተኛ፣ ነጭ በነጭ ላይ ቢሆን፣ ከሥር ቢደበቅ፣
መስመር ከሆነ ይበቃዋል፤ ምላጩ ይወርዳል ሳይጠይቅ።

ካርታውን የሣለው ኤይሙቲስ ነበረ።
በየካቲት ሞተ። ፋይሉም ወንበሩም ለእኔ ቀረ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ክርኑን ያሳረፈበት
ጠረጴዛው ጎድጉዷል፤ የእኔም ክርን ገባበት።
ለሣለው ነገር ስም አያወጣም ነበር፤
ቅርጽ ሦስት መቶ አንድ፣ ቅርጽ ሦስት መቶ ሁለት፣
እንደ ሆስፒታል አልጋ።

ባሕሩን ጠቅ ባደርግ ባሕሩ ተነሣ።
ደግሜ ጠቅ ባደርግ የማዶው አሸዋ ከነጥዱ፣
አርባ ግንድ በአንድ ታስሮ፤ አንዱን ብጠራ መጣ ዘመድ አዝማዱ።
በሳጥን ልክበበው ብዬ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተትኩ፤
ሙሉ ለሙሉ የዋጠውን እንጂ ጫፉን የነካውን አይዝም።
ከቀኝ ወደ ግራ ብጎትት፣ የነካውን ሁሉ ሰብስቦ አመጣ፣
ፋናውን፣ ቀስቶቹን፣ የሰዓቱን ሠንጠረዥ፤
ከዚያ ሁሉ ግርግር የምፈልገው ተለይቶ አልወጣ።

"ውስጡ ባዶ የሆነን ነገር" ይለኝ ነበር ሽማግሌው፣
"መሐሉን ብትነኪው እጅሽ ያልፋል፤ ጠርዙ ነው የሚያስይዘው።"
እሱም እንደዚያው ነበር። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሌሊቱ ብጠይቀው ያልፈኛል፤
ስለ ሉህ ዋጋ ስጠይቀው ግን፣ ወሬ ወሬን እየሳበ፣
ያኔ ትንሽ ይነግረኛል።

እናም የማልፈልገውን አንድ በአንድ ቆለፍኩ።
ባሕሩን ቆለፍኩ። ጥዶቹን፣ ፋናውን፣ ፊደሉን ቆለፍኩ።
ሁሉም እንቢ ሲል፣ ቀስቴ የሚይዘው ሲያጣ፣
"ሁሉንም ምረጥ" አልኩት፤
ከሁሉም አንድ ነገር ወጣ።

ስምንት ነጥብ።
ቀለም የሌላት፣ ሆዷ ባዶ፣ መስመሯ ከጠጉር የቀጠነ
ጀልባ።
ከባሕሩ ሥር፣ ከሁለቱም ዳርቻ እኩል ርቃ የቆመች።

ኤይሙቲስ ውኃ ይፈራ ነበር።
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የመሻገሪያውን ሰዓት ሲጽፍ ሲሰርዝ
አምስት ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ አንድ ቀን አልተሻገረም።
በበጋ ሁላችን ለዋና ማዶ ስንሄድ
"ጉልበቴን ያመኛል" ይላል።
ምላጩ ከመውረዱ በፊት በየጊዜው ይመርጣት፣ ይሰውራት፣
ሲያበቃ ደግሞ መልሶ ያኖራት እንደነበር
አሁን ገባኝ።
ይህን ብቻ አላስተማረኝም።

"አገኘሽው?" አለ ቫይዲላስ ከጀርባ ክፍል።
ጣቴ የመሰረዣው ቁልፍ ላይ ነው።
"አገኘሁት" አልኩ፤
ጣቴን ግን ወደ ግራው ቀስት አሻገርኩ።
አንዴ ነካ፣ አንድ እርምጃ። አንዴ ነካ፣ አንድ እርምጃ።
አሸዋው ድረስ ሃምሳ ሰባት ቆጠርኩ፤
ከዚያም በጥዶቹ መሐል፣ ከገጹ ጠርዝ ውጭ፣
ምላጭ የማይደርስበት ነጭ ሜዳ ላይ አወጣኋት።

አራተኛው ሉህ ንጹሕ ወጣ።
ቫይዲላስ ከአምፖሉ ፊት ዘረጋው፣ አገላበጠው፤
የሦስቱን ሉህ ዋጋ ከማን ደመወዝ እንደሚቆርጥ ግን አልነገረኝም።
እኔም ባዶ ቦታ ጠቅ አደረግኩ፤
ስምንቱ ነጥቦች ጠፉ፣
ምርጫው ተፈታ።